በቤት ውስጥ የደም ስኳር አለካክና የውጤቱ ትክክለኛነት

የስኳር መለኪያው 142 የሚል ቁጥር ሲያሳይ ብዙ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ልክ 142 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው ብሎ ይወስዳል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት 155 ሲያይ ደግሞ ይደነግጣል ወይም መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ቁጥሮች ግን ከአንድ ዓይነት የስኳር መጠን ሊመጡ ይችላሉ። ለቤት አገልግሎት የሚሠሩ መለኪያዎች የሚመዘኑበት አይኤስኦ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዕትሙ፣ ከመሣሪያው ንባቦች ቢያንስ 95 በመቶው ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ያላቸው ልዩነት ስኳሩ ከ100 በታች ሲሆን ከ15 ሚሊ ግራም፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ስለዚህ በላቦራቶሪ 180 የሆነ ስኳር በቤት ከ153 እስከ 207 ባለው መካከል ቢነበብ፣ 70 የሆነውም ከ55 እስከ 85 ባለው መካከል ቢነበብ መሣሪያው ደረጃውን አሟልቷል። ከ20 ንባብ አንዱ ከዚህ ክልል ቢወጣ እንኳ ከደረጃው ውጭ አያሰኘውም።

ይህን ማወቅ መሣሪያውን ላለማመን ምክንያት አይሆንም። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው በቤት የሚገኘው ቁጥር ከአደጋ የሚጠብቀው የየዕለት መረጃ ነው፤ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ያለው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ የሕክምናውን አቅጣጫ የሚያስት አይደለም። አምራቹ የተወውን ልዩነት እኛ ልንቀንሰው አንችልም። በአያያዝና በአለካክ የምንጨምረው ስሕተት ግን በእጃችን ነው፤ በእኔ ግምት በየቤቱ የሚታየውን እንግዳ ቁጥር በአብዛኛው የሚያመጣውም እርሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ስትሪፑ

ሰዎች ስለ መሣሪያው ብዙ ይጠነቀቃሉ፤ ስኳሩን በእርግጥ የሚለካው ግን ስትሪፑ፣ ማለትም የደሙ ጠብታ የሚነካው ቀጭን ቁራጭ፣ ነው። በስትሪፑ ጫፍ ላይ የደረቀ ኢንዛይም አለ። ደሙ ሲነካው ኢንዛይሙ ከግሉኮሱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ካለው ስኳር፣ ጋር ይዋሃድና ከዚያ የሚመነጨውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት መሣሪያው ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ይህ ኢንዛይም ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። የስትሪፑ ብልቃጥ ወፍራም የሆነውና እርጥበት የሚመጥ ነገር የተደረገበትም ለዚህ ነው። እንግዲያውስ አንድ ስትሪፕ በደረቅ እጅ አውጥተው ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ፤ ስትሪፖቹን ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ። አንድ ብልቃጥ ለሁለት ሰው ተከፍሎ ግማሹ በወረቀት ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሰጥበት ልማድ፣ ከመተሳሰብ የመጣ ቢሆንም፣ የተጠቀለለውን ስትሪፕ ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

አብዛኞቹ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲቀመጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በድሬዳዋ፣ በሰመራ ወይም በጋምቤላ የሚኖር ሰው በቤቱ ቀዝቀዝ ያለውን ጥላማ ቦታ መምረጥ ይኖርበታል፤ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። ማቀዝቀዣ ባልተገኘበት ኢንሱሊን የሚቀመጥበት በውኃ የረጠበ የሸክላ ዕቃ ለኢንሱሊኑ ጥሩ ዘዴ ቢሆንም ለስትሪፑ አይሆንም፤ የሸክላው ቅዝቃዜ የሚመጣው ከእርጥበቱ ነውና። ፍሪጅም እንዲሁ ይቅር።

የአገልግሎት ማብቂያውን ሲያዩ የዘመን አቆጣጠሩን ያስተውሉ። በብልቃጡ ላይ የሚታተመው ቀን የአውሮፓውያን ነው። 2026-06 የሚል ስትሪፕ የሚያበቃው በእኛ ሰኔ 2018 ነው፤ ቁጥሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ግን ገና ስምንት ዓመት እንደቀረው አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ከዚህ ሌላ ብዙ አምራቾች ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ስትሪፑ የሚያገለግልበትን ጊዜ ለብቻው ይወስናሉ፤ ሦስት ወር የሚሉ አሉ፣ ስድስት ወር የሚሉም አሉ። የከፈቱበትን ቀን በብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ።

መሣሪያው ከውጭ አገር የተላከ ከሆነ ሁለት ነገር መጣራት አለበት። አንደኛው፣ ለዚያ ሞዴል የሚሆነው ስትሪፕ በአካባቢዎ ፋርማሲ መገኘቱ ነው፤ የአንዱ አምራች ስትሪፕ በሌላው መሣሪያ አይሠራም፣ የአንዱ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ስትሪፕ ላይጋሩ ይችላሉ። ልጆችና ዘመዶች መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢጠይቁ ብዙ ገንዘብና ድካም ይተርፋል። ሁለተኛው የመለኪያ አሐዱ ነው። በኢትዮጵያ፣ በአሜሪካና በእስራኤል ስኳር የሚነገረው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን በብሪታንያ፣ በስዊድንና በካናዳ በሚሊሞል በሊትር ነው። ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ለመለወጥ በ18 ማባዛት ይበቃል፤ ከለንደን የመጣ መሣሪያ 7.2 ቢል 130 ገደማ ማለት ነው፣ 3.9 ቢል ደግሞ 70።

የመሣሪያውን ሰዓትና ቀን ማስተካከልም አይዘንጋ። መሣሪያው የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት የተለካው ስኳር በማኅደሩ ውስጥ 6:00 ተብሎ ይቀመጣል። በደብተርዎ በእኛ አቆጣጠር ቢጽፉ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪሙ ማኅደሩንና ደብተሩን ሲያስተያይ እንዳይሳሳት ከየቁጥሩ አጠገብ «በባዶ ሆድ»፣ «ከምሳ በፊት»፣ «ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ» እያሉ ይጻፉ።

ጣትና ጠብታ

ዛሬ ያሉ ስትሪፖች ከአንድ ማይክሮ ሊትር ያነሰ ወይም ያንን የሚያህል ደም ይበቃቸዋል። ስኳሩ 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ አንድ ማይክሮ ግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ብርቱካን የላጠ፣ ማንጎ የበላ ወይም ማር የነካ ጣት ላይ ይህን ያህል ግሉኮስ ቢቀር ንባቡ በእጥፍ ያድጋል፤ ጣቱ ደግሞ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በአልኮል ጥጥ ጠረግ ማድረግ ይህን በእርግጠኝነት አያስወግደውም። የሚያስወግደው በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው፤ በእጃችን ለምንመገብ ሰዎች ከምግብ በኋላ በሚደረግ ልኬት ይህ ጥንቃቄ በተለይ ያስፈልጋል። ከታጠቡ በኋላ እጅዎን በደንብ ያድርቁ፤ በጣቱ ላይ የቀረ ውኃ ጠብታውን ያቀጥንና ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። አልኮል የሚጠቀም ሰውም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት።

ውኃው ለብ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ደሙ ወደ ጣት ይመጣል። የደጋ ጠዋት እጅ ሲያደነዝዝ እጆችዎን እርስ በርስ ያሻሹ፣ ከዚያም የሚወጋውን እጅ ለጥቂት ጊዜ ወደ ታች ያንጠልጥሉ። ላንሴት የምትባለዋን ትንሽ መርፌ በጣቱ ሆድ ላይ ሳይሆን በጫፉ ጎን ላይ ይጠቀሙ፤ በጎን በኩል ሕመሙ ይቀንሳል፣ ደሙም አይጎድልም። በየጊዜው ጣት ይቀያይሩ። ደሙ እምቢ ቢል ጣቱን ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ አድርገው ይግፉት እንጂ ጫፉን ጨምቀው አያስጨንቁት፤ በኃይል ሲጨመቅ ከደሙ ጋር የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ይወጣና ውጤቱን ያዛባል። በቂ ደም ካልወጣ የመውጊያውን ጥልቀት አንድ ደረጃ ጨምሮ እንደገና መውጋት ከመጭመቅ ይሻላል።

እጅ በሚገባ ከታጠበና ከደረቀ የመጀመሪያው ጠብታ ይሆናል። በመንገድ ላይ ሆነው መታጠብ ካልቻሉ የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጠርገው ሁለተኛውን ይጠቀሙ። ጠብታው ክብ ሆኖ ሲቆም የስትሪፑን ጫፍ ወደ ጠብታው ያስጠጉ፤ ስትሪፑ ራሱ ይስበዋል። ደሙን ከላይ መቀባት ወይም ስትሪፑን በቆዳው ላይ መጫን አይገባም። ደሙ መስኮቱን ሳይሞላ ከቀረ፣ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር፣ ዘግይተው ሌላ ጠብታ አይጨምሩበት፤ አንድ ስትሪፕ ቢባክን የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ኢንሱሊን ከመውጋት ያነሰ ጉዳት ነው።

ላንሴት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ለእናትና ለልጅም ቢሆን፣ ለጎረቤትም ቢሆን አይዋስም፤ በዓይን የማይታይ የደም ቅሪት ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። መውጊያው ብዕርም አብሮ አይዋስ። ያገለገሉት መርፌዎች ክዳን ባለው ወፍራም ላስቲክ፣ ለምሳሌ በባዶ የበረኪና ዕቃ፣ ተጠራቅመው ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰዱ ቆሻሻ የሚያነሣውን ሰው ከመወጋት ያድናሉ።

ጥቂት ስትሪፕ ላለው ሰው መቼ መለካት ይሻላል

ስትሪፕ ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስትሪፕ ጥያቄ ይዞ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ብቻ ይለካል፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከምግብ በኋላ ስኳሩ ምን ያህል እንደሚወጣ ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ኢንሱሊን ለማይወስድ ሰው እኔ የምመርጠው በጥንድ መለካትን ነው፤ ከምግቡ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ አንድ ጊዜ። በዚህ ሳምንት ምሳውን፣ በሚቀጥለው እራቱን ቢያዩ ስንት እንጀራ ስኳርዎን እንዴት እንደሚያደርገው፣ ሽሮና ምስር ሲጨመርበት ወይም ከምግብ በኋላ ትንሽ ሲራመዱ ምን እንደሚለወጥ ከራስዎ ሰውነት ይማራሉ። ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ ግን ሐኪሙ የተለየ ግብ ሊያወጣ ይችላል።

ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ በየቀኑ ጣቱን መውጋት ላያስፈልገው ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ስትሪፕ ቆጥቦ ማስቀረት ያለበት ለሌላ ጊዜ ነው፦ ምግብ ሲዘገይ፣ ከባድ ሥራ ሲሠራ፣ መኪና ከመንዳቱ በፊት፣ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ። በጾም ወራት ይህ ይበረታል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ጋር ተነጋግሮ፣ ረፋዱ ላይና ከመብላቱ በፊት መለካት ይኖርበታል። በረመዳን ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያስፈታ የሃይማኖት ሊቃውንት በሰፊው የተስማሙበት ሲሆን፣ የሕክምና መመሪያዎች ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ እንዲቋረጥ ይመክራሉ።

መሣሪያውን መፈተሽ

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከአንዳንድ መሣሪያዎች ጋር የሚመጣው መፈተሻ ፈሳሽ ነው፤ በደም ፈንታ ጠብታውን ለስትሪፑ ይሰጡና ውጤቱ በስትሪፑ ብልቃጥ ላይ በታተመው ክልል ውስጥ መሆኑን ያያሉ። አዲስ ብልቃጥ ሲከፈት፣ መሣሪያው ሲወድቅ ወይም ቁጥሩ ከስሜትዎ ጋር አልገናኝ ሲል ይህን ማድረግ ተገቢ ነው።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚያስተምረው ከላቦራቶሪ ጋር ማስተያየት ነው፤ በትክክል ካልተደረገ ግን ያሳስታል። ጠዋት ቤት ለክቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ደም ሰጥቶ ቁጥሮቹን ማስተያየት ትርጉም የለውም፤ የተለኩት ሁለት የተለያዩ ስኳሮች ናቸውና። መሣሪያዎን ይዘው በባዶ ሆድ ይሂዱ፤ ከምግብ በኋላ የጣት ደም ስኳር ከክንድ ደም ሥር ከሚቀዳው በግልጽ ሊበልጥ ስለሚችል ባዶ ሆድ መሆኑ ግድ ነው። ደሙ እንደተቀዳ፣ አምስት ደቂቃ ሳያልፍ፣ ታጥበውና ደርቀው ከጣትዎ ይለኩ። ውጤቱ ሲመጣ ልዩነቱን ለላቦራቶሪው ቁጥር ያካፍሉ። የእርስዎ 142፣ የላቦራቶሪው 128 ቢሆን ልዩነቱ 14፣ በመቶኛ 11 ገደማ ነው፤ መሣሪያው ደህና ነው። የእርስዎ 96፣ የላቦራቶሪው 118 ቢሆን ግን ልዩነቱ ወደ 19 በመቶ ይደርሳል፤ በአንድ ጊዜ ፍርድ ሳይሰጡ በሌላ ቀን ይድገሙት፣ ዳግመኛም ያው ከሆነ ስትሪፑን፣ ከዚያም መሣሪያውን ይቀይሩ።

ላቦራቶሪውም ሁልጊዜ የመጨረሻው እውነት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። የተቀዳው ደም ሳይጣራ ሲቆይ የደም ሕዋሳቱ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ስኳር በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ደሙ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆይቶ ከተመረመረ ትክክለኛ የሆነው የቤት መሣሪያ በሐሰት ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ቶሎ እንደሚጣራ ባለሙያውን በትሕትና መጠየቅ መብትዎ ነው።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራም ለማስተያየት ይረዳል። 7 በመቶ ማለት አማካዩ 154 ገደማ፣ 8 በመቶ ማለት 183 ገደማ ነው። የጠዋት ቁጥሮችዎ 125 አካባቢ እየሆኑ ኤችቢኤዋንሲው 8.5 ቢመጣ፣ ማለትም አማካዩ 197 አካባቢ ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከምግብ በኋላ ያልተለካው ስኳር ነው። የደም ማነስ ይህንንም ምርመራ ሊያዛባው እንደሚችል ግን ለሐኪሙ ያስታውሱ።

ቁጥሩን የሚያዛቡ የሰውነትና የአካባቢ ሁኔታዎች

የደም ማነስ በቤት መሣሪያ ላይ የሚያደርገው ነገር ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲያንሱ ብዙ መሣሪያዎች ስኳሩን ከእውነቱ ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ይህም የወረደ ስኳር ደህና መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ የኩላሊት ሕመምተኞችና ብዙ ደም የፈሰሳቸው ሰዎች ሄማቶክሪታቸውን፣ ማለትም በደማቸው ውስጥ የቀይ ሕዋሳቱን ድርሻ፣ ጠይቀው ማወቅና በመሣሪያው መመሪያ ላይ ከተጻፈው ክልል ጋር ማስተያየት አለባቸው። በሌላ በኩል ሰውነት ክፉኛ ውኃ ሲያጣ ወይም የደም ግፊት ሲወድቅ ከጣት የሚገኘው ቁጥር አይታመንም።

ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በተባለው ኢንዛይም የሚሠሩ ስትሪፖች በደሙ ውስጥ ባለው ኦክሲጅን መጠን ሊዛቡ ይችላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ሰፊ ደጋም በአገራችን አለ። ብዙ መሣሪያዎች የሚሠሩበት የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚኖር ሰው መመሪያውን ማየትና ቢያንስ አንድ ጊዜ ከላቦራቶሪ ጋር ማስተያየት ይገባዋል። ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ የሚጠቀሙ ስትሪፖች በኦክሲጅን አይነኩም። በብዛት የሚወሰድ ቫይታሚን ሲም አንዳንድ መሣሪያዎችን ያዛባል።

በቆዳ ላይ ተለጥፎ ቀኑን ሙሉ የሚለካ ሴንሰር ያላቸው ሰዎች፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖች፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ መሆኑን ያስታውሱ። ስኳር በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ሴንሰሩ በደቂቃዎች ይዘገያል፤ ተኝተውበት ሲጫኑትም በሐሰት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስሜትዎና ሴንሰሩ ካልተስማሙ ጣትዎን ይውጉ።

በቁጥሩ ላይ መወሰን

በቤት መሣሪያ የስኳር ሕመም አለ ወይም የለም ተብሎ አይወሰንም። የምርመራው መስፈርት በባዶ ሆድ 126 ነው፤ በዚህ ቁጥር ላይ የመሣሪያው የተፈቀደ ልዩነት ከ107 እስከ 145 ስለሚደርስ ጤነኛን ታማሚ፣ ታማሚን ጤነኛ ሊያሰኝ ይችላል። በአንድ ከፍ ያለ ንባብ የተነሣም የመድኃኒት መጠን አይለወጥ። በተመሳሳይ ሰዓት የተወሰዱ ሦስትና አራት ንባቦች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ያን ጊዜ ለሐኪም የሚነገር ነገር አለ። ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ እጅ ታጥቦ በአዲስ ስትሪፕ መድገም የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ለዝቅተኛ ስኳር ግን ሕጉ ሌላ ነው። ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም እያላብዎና እየተንቀጠቀጡ መሣሪያው 80 ቢልዎ፣ ቁጥሩን ሳይከራከሩ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እጅዎን ታጥበው እንደገና ይለኩ፣ ካልተነሣ ይድገሙ፣ ሲነሣ ምግብ ይብሉ። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። መሣሪያው ከቁጥር ይልቅ በጣም ከፍተኛ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ካወጣ፣ ወይም ንባቡ ከ300 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም መደንዘዝ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። መሣሪያው፣ የስትሪፑ ብልቃጥና የሚወሰዱት መድኃኒቶች በአንድ ከረጢት ተይዘው አብረው ይሂዱ።